ጀግናዋ ያወለቀችው ካፖርት

ጀግናዬን ስሥላት መጀመሪያ ያለበስኳት የእናቴን ካፖርት ነበር። ዛሬ መሳለሚያ ታክሲ መያዣው ፊት ለፊት ባለው ቢልቦርድ ላይ ነጭ በነጭ ለብሳ፣ የልብስ ሳሙና ይዛ የምትስቅላችሁ ሴት እሷ ናት ቢሏችሁ አትመኑ። ፊቷ የእኔ ሥራ ነው፤ እሱንም ቢሆን አፍንጫዋን አቅጥነውታል። ልብሷ ግን የእኔ አይደለም፣ የእናቴም አይደለም። ከታች ታክሲ የሚጠብቀው ሕዝብ ቀና ብሎ ያያትና ወደ ሰልፉ ይመለሳል። እኔ በዚያ በኩል ማለፍ ትቻለሁ፤ ግድ ሲሆንብኝም መሬት መሬት እያየሁ ነው የማልፈው።

እናቴ መርካቶ ውስጥ፣ ወደ አውቶቡስ ተራ በሚወስደው መንገድ ዳር ሰልባጅ ትሸጥ ነበር። ሱቅ አልነበራትም። የነበራት መሬት ላይ የምትዘረጋው ላስቲክ፣ ግንብ ላይ የተወጠረ ሽቦ እና የገዛ ትከሻዋ ነው። መሬት የወደቀ ልብስ ገዢ ይንቀዋል፤ ሰው ላይ ያለ ልብስ ግን ያስጎመጃል። ስለዚህ ልብሱ ታስሮ የሚመጣበት ቦንዳ ተፈትቶ ድርሻዋን ስትወስድ ጥሩ ጥሩውን እላይዋ ላይ ትደራርበዋለች። ገዢ መጥቶ ሹራቧን ከወደደው እዚያው መንገድ ላይ አውልቃ ትሰጠዋለች፤ ከሥሩ ሌላ አለ። ጠዋት በቀይ የወጣች ሴት ማታ በአረንጓዴ ትመለሳለች።

ለሚሰማው ያስቃል። እኔን ግን ልጅ ሆኜ ያስፈራኝ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የእናቴን ቢጫ ሹራብ ከኋላ አየሁና ተከተልኩ። ብጠራት ብጠራት አትዞርም። እየሮጥኩ አውቶቡስ ተራ በር ላይ ደርሼ ቀሚሷን ስይዝ የዞረችው ሌላ ሴት ናት፤ ሹራቡን ገዝታ ወደ አገሯ ልትሳፈር ነው። እዚያው ሻንጣና ተሸካሚ መሀል ቆሜ ጮኬ አለቀስኩ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ እጄን ይዞ እናቴ ጋ አደረሰኝ።

እናቴ አልተቆጣችኝም። ጎንበስ ብላ አፍንጫዬን በመዳፏ ጠረገችና፣ "ከእንግዲህ ሹራብ አይተሽ አትከተዪ። ካፖርቱን እዪ። እሱን አልሸጠውም። ካፖርቱ ካለ እኔ አለሁ" አለችኝ።

ካፖርቱ የወንድ ነው። ቡናማ፣ ወፍራም፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚወርድ፣ አንገትጌው የተላጠ። አንድ አዝራሩ ጠፍቶ ትልቅ ሰማያዊ አዝራር ተክታበታለች። ቀን ቀን ፊት ለፊቱን ከፍታ ትከሻዋ ላይ ጣል ታደርገዋለች፤ ለቤት ስትነሳ ደግሞ ትቆልፈውና በላዩ መቀነቷን ትታጠቅበታለች። ከዚያን ቀን ወዲህ እናቴን ስፈልግ ፊት አልፈልግም ነበር። በዚያ ሁሉ ትርምስ ውስጥ የማየው አንድ ቡናማ ጀርባ ነው፤ እሱን ሳይ ሆዴ ይረጋጋል። ዋጋውን የሚጠይቅ አይጠፋም ነበር። "እሱ እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ለሽያጭ አልቀረብኩም" ትላቸዋለች፣ የሰልባጅ ተራው ሰው ሁሉ ይስቃል።

ከእናቴ ጎን ላስቲኳን የምትዘረጋ አንዲት የወሎ ሴት ነበረች። ቦንዳ ሲፈታ የተራው ሴቶች ከመሻማት ሲያርፉ አንድ ጨዋታ ነበራቸው፤ የእያንዳንዱን ልብስ የድሮ ባለቤት መገመት። በዚህ ጨዋታ የወሎዋን ሴት የሚስተካከላት አልነበረም። ሸሚዙን ወደ ብርሃን አንስታ፣ "ይኼ ሚስቱ የፈታችው ነው፤ እዩት እስኪ፣ አዝራሩን ራሱ ነው የሰፋው" ትላለች። ጃኬቱን አሽትታ፣ "ይቺ ደግሞ ነርስ ነበረች፣ ምስኪን፣ እንቅልፍ አልጠገበችም" ትላለች። እናቴ እየሳቀች፣ "እንኪ በይ፣ ልበሻትና እንቅልፏን ተኚላት" ትላታለች። እኔ ላስቲኩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ደብተሬ ጀርባ ላይ እሥል ነበር።

ጀግናዬ የተወለደችው ከዚህ ጨዋታ ነው። አድጌ፣ ሥዕል ተምሬ፣ አንድ የሥዕል ታሪክ ለማዘጋጀት ስነሳ ሌላ ነገር አልፈለግኩም። ጀግናዋ መርካቶ ውስጥ ሰልባጅ ትሸጣለች። የአንድን ሰው አሮጌ ልብስ ስትለብስ የዚያ ሰው ጉልበት ይገባባታል። የእሳት አደጋ ሠራተኛ ጃኬት ስትለብስ እሳት ውስጥ ትገባለች፤ የመምህር ሸሚዝ ስትለብስ አንድ ተራ ሙሉ ጭጭ ታሰኛለች። ነገር ግን የሰው ጉልበት ያደናግራል። ሦስት ሰው ደራርባ በለበሰች ቀን የራሷን ስም ትረሳለች፣ የቤቷ መንገድ ይጠፋታል። ያን ጊዜ ካፖርቷን ከላይ ትደርብና ወደ ራሷ ትመለሳለች። ከሥር ያለው በየገጹ ይለዋወጣል፤ ካፖርቱ ግን ከሰማያዊ አዝራሩ ጋር ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አለ። የታሪኩ ሕግ ይኼ ነበር።

ሥዕሎቹን አንድ አሳታሚ ስቱዲዮ ወሰድኳቸው። ባለቤቱ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው ሰው፣ ወረቀቱን እያገላበጠ "ይኼ ነው! የእኛ የራሳችን ጀግና!" ሲለኝ እንባዬ መጣ። ውሉን ሲያቀርብልኝ ፈረምኩ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእኔ ነው፤ ጀግናዋ ከዚያ ወዲያ የስቱዲዮው ንብረት እንደሆነች የገባኝ ዘግይቶ ነው። እሱን የሚገልጸውን አንቀጽ አንብቤዋለሁ፤ ማንበብና መረዳት ይለያያሉ።

የመጀመሪያው እትም እንደሣልኩት ወጣ። ለእናቴ ወሰድኩላት። ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን ሽፋኑን እንዳየች አዝራሩን በጣቷ ነካችው። ከዚያ የራሷን አዝራር ነካች። በማግስቱ ስሄድ ሽፋኑን ገንጥላ፣ በላስቲክ ሸፍና፣ ሽቦው ላይ ከሹራቦቹ መሀል ሰቅላዋለች። የተራው ሰው "ጀግኒት" ብሎ ይጠራት ጀመር። የወሎዋ ሴት ገዢ ሲከራከር፣ "አንተ ሰውዬ፣ ከማን ጋር እንደምትከራከር አታውቅም፣ መጽሐፍ የወጣላት ናት!" ትለው ነበር። እናቴ በሕይወቷ ያን ያህል ቀና ብላ ስትሄድ አይቼ አላውቅም።

ያ ደስታ አንድ እትም ብቻ ቆየ።

ለሁለተኛው ጋሼ ቢሮው አስጠራኝ። ሥዕሌን ፊቱ ዘርግቶ በእስኪሪብቶ ካፖርቱን ይጎነትለዋል።

"ልጄ፣ ጀግና እኮ ናት። እንደ ኩሊ ትለብሳለች እንዴ? ወገቧ የት እንዳለ አይታወቅም!"

"ጋሼ፣ ወገቧ መቀነቷ ያለበት ነው።"

"እሱን መቀነት ደግሞ ቆርጠሽ ጣይልኝ።"

ተከራከርኩ። ሕጉን አስረዳሁ፤ ካፖርቱ ከሌለ ጀግናዋ ራሷን አታገኝም አልኩ። "አንባቢ ሕግ አይገዛም፣ መልክ ነው የሚገዛው" አለኝ። ካፖርቱ አጥሮ የቆዳ ጃኬት ሆነ። በሦስተኛው እትም ጃኬቱም ቀረና ሰውነት ላይ የተለጠፈ ልብስ መጣ፣ ከኋላ ነፋስ የሚያውለበልበው ረጅም ጨርቅ ያለው። መርካቶ ውስጥ እንዲህ ያለ ጨርቅ እየጎተተ የሚሄድ ሰው የመጀመሪያው ጋሪ ጠልፎ እንደሚጥለው ብነግራቸው ሳቁብኝ። የሰው ልብስ መልበሷም ቀረ፤ ሰልባጅ ደረጃዋን ያወርዳል ተባለ። ታዲያ ጉልበቷ ከየት ይምጣ? ከሚያበራ የአንገት ሐብል አሉ። እኔ የማውቃት ሴት አንገቷ ላይ የነበረው ማተብ ብቻ ነው።

ተራ ላይ ሁለተኛው እትም እንደደረሰ ሹፈቱ ተጀመረ። ክፋት አልነበረበትም፣ የመርካቶ ሹፈት ነው፤ "ጀግኒት፣ ልጅሽ አስወለቀችሽ እኮ!" "ካፖርቱ ገበያ አገኘ እንዴ?" ይሏታል። እናቴ አብራቸው ትስቃለች። ማታ ግን ራጉኤል ጀርባ ባለችው የቀበሌ ቤታችን እግሯን ለብ ባለ ውኃ ነክራ እንደተቀመጠች፣

"ካፖርቴን ምን አደረግሽው?" አለችኝ።

"እኔ አይደለሁም እማዬ፣ እነሱ ናቸው።"

"የሚሥለው ያንቺ እጅ አይደል?"

"በሚቀጥለው እመልሰዋለሁ።"

"እሺ" አለች።

በሚቀጥለው አልመለስኩትም፣ አላስመለሱኝም። ሦስተኛውን እትም ለእናቴ አሳየኋት። ሽቦው ላይ የነበረውን ሽፋን አውርዳ አጣጥፋ አስቀመጠችው። እኔ አንድ ነገር ብቻ ፈለግኩ፤ ካፖርቱን አንድ ጊዜ፣ አንድ ገጽ ላይ እንኳ መልሼ አሳትሜ ለእናቴ ማሳየት። ለዚህ ስል ቆየሁ እንጂ ያን ጊዜውኑ ጥዬላቸው በወጣሁ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ እናቴ ታመመች። ሳል ጀመራት፣ ከዚያ ጎኗን ይወጋት ጀመር፣ ከዚያ ከአልጋ ዋለች። ክሊኒክ ወሰድኳት፤ ሐኪሙ ብርድ መቷታል፣ ደረቷን ካልሸፈነች አይለቃትም አለ። ክረምት ነው፣ መንገድ ዳር ነው የምትውለው፣ ከብርድ ሌላ ምን ይመታታል ብዬ ነገሩን አልመረመርኩትም። ጋቢ ደራርቤላት፣ አጥሚት እያጠጣሁ ቤት አዋልኳት። ስልኳ ዝናብ ገብቶበት ሞቷል፤ ማሠራቱን ለነገ እያልኩ ተውኩት።

በዚያው ሰሞን ስቱዲዮው የሳሙና ፋብሪካ ስፖንሰር አገኘ። ጋሼ ቢሮ ገብቼ ለመጨረሻ ጊዜ ለመንኩት።

"ጋሼ፣ አንድ ገጽ። እናቴ ታማለች። ካፖርቱን እንድታየው ብቻ ነው።"

"የሳሙና ድርጅት ብሩን አፍስሶ ሰልባጅ ያስተዋውቅልሽ?" አለኝ፣ ከልቡ ገርሞት። "አሁን ነጭ ነው የምትለብሰው፣ የአገር ልብስ። አንቺ አይደለሽ እንዴ የራሳችን ትምሰል ስትይ የነበርሽው? ይኸው፣ ከዚህ በላይ የራሳችን ምን አለ?"

ውሻ በበላበት ይጮሃል። እርሳሶቼን ሰብስቤ ወጣሁ። ሥራውን ለሌላ ሠዓሊ ሰጡት፣ ቢልቦርዱም ተሰቀለ።

መሳለሚያ ላይ ሳየው መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው፤ ጠጋ ስል ግን የባሰ ነገር አየሁ። ነጠላ አልብሰዋታል። የነጠላውን ጥለት የሳሙናው ማሸጊያ ቀለም አድርገውታል፣ እሱስ ምንም አይደለም። ነገር ግን ያ ቀለም ፊቷ አጠገብ እንዲታይ ብለው ነጠላውን አዘቅዝቀውታል፤ ጥለቱ ወደ ታች ሊወርድ ሲገባው አንገቷና ትከሻዋ ላይ ተጠምጥሟል። ለቅሶ ደርሶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ያን ያህል የሰለጠነ ስቱዲዮ፣ ያን ያህል ብር ተከፍሎ፣ ጀግናዬን ሐዘን አልብሰው ጥርሷን አስገልፍጠው ሰቀሏት። እዚያው ቆሜ ለጋሼ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ ሐዘንተኛ አድርጋችኋታል እኮ!"

"ቀለሙ ከሩቅ እንዲታይ ነው። ደግሞ ማን ያስተውላል?" ብሎ ዘጋው።

ማን እንደሚያስተውል ብዙም ሳይቆይ አየሁ።

ጠዋት ነበር። እናቴ አልጋዋ ላይ ተደግፋ አጥሚቷን ትጠጣለች። ከግቢው በር በኩል ድንገት ዋይታ ተሰማ። "ወይኔ ጀግኒት! ወይኔ ባለካፖርቷ! ብርድ ያልበገረሽ! ዛሬ የት ሄድሽብን!" የሚሉ ድምፆች ቀረቡ። የግቢው ጎረቤቶች ምን እንደሆነ ሳያጣሩ ልቅሶውን ተቀበሉት፤ አንዷ ደረቷን እየደቃች ስትወጣ በመስኮት አየኋት። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

እናቴ ኩባያውን አስቀመጠችና፣ "ማን ሞተ? ውጪና እዪ እንጂ!" አለችኝ።

በሩን ስከፍት የተራው ሴቶች ሁሉ ቆመዋል፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ዓይናቸው ቀልቶ። አንዷ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። "አይዞሽ ልጄ፣ ፈጣሪ ያጽናሽ፣ ምነው ሳትነግሪን ቀበርሻት!" ትለኛለች። ከኋላዬ የእናቴ ድምፅ መጣ።

"ኧረ የሞተው ማን ነው? ለእኔም ንገሩኝ፣ ነጠላዬን ልልበስ!"

ልቅሶው ቀጥ አለ። አንዷ "በስመ አብ!" ብላ ወደ ኋላ ሸሸች። ከዚያ ሁሉም ተያይተው ወደ ውስጥ ተግተለተሉ፤ የሚያለቅሰው ይስቃል፣ የሚስቀው ያለቅሳል። ነገሩ ሲጣራ እንዲህ ነው፦ እናቴ ከተራ ጠፍታለች፣ መታመሟን ሰምተዋል፣ ስልኳ አይሠራም። በዚህ መሀል መሳለሚያ ላይ ጀግኒት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ታየች። ጀግኒትን የምትሥላት ደግሞ ልጇ መሆኗን ተራው ሁሉ ያውቃል። ታዲያ ሌላ ምን ይባላል? ልጅቷ የእናቷን መርዶ እያረዳችን ነው ተባለ። ስቱዲዮ ውስጥ ቁጭ ብለው ማን ያስተውላል ያሉት ነገር አንድ ተራ ሙሉ ሴት አስለቅሶ ቤታችን አመጣ።

"የዕድር ጡሩምባ ሳይነፋ ታለቅሳላችሁ?" አለች እናቴ፣ ሳቋ ሳል እየሆነባት። "ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!"

"እኛማ ትልቅ ሰው ሆነሻል፣ ጡሩምባሽ በቢልቦርድ ነው ብለን ነው" አሏት። ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ እናቴን እንደዚያ ስትፍለቀለቅ ሳያት የቢልቦርዱን ነገር ለአንድ አፍታ ይቅር ልላቸው ምንም አልቀረኝም።

ያልሳቀችው የወሎዋ ሴት ብቻ ነች። በሩ አጠገብ ጥቁር ሻሽ አስራ፣ ትልቅ ፌስታል በሁለት እጇ ታቅፋ ቆማለች። ሳቁ በረድ ሲል ፌስታሉን ወደ ውስጥ ልትደብቀው ስትሞክር አንዷ፣ "ምንድን ነው የያዝሽው?" ብላ ሳበችባት። ከፌስታሉ ውስጥ ቡናማ እጅጌ ወጣ፣ ከዚያ ሰማያዊው አዝራር።

"የሟች ልብስ እላዬ ላይ አይቀርም ብዬ ነው" አለች የወሎዋ ሴት፣ ዓይኗ መሬት ላይ። "አማና ነው፣ ለልጇ ላስረክብ ብዬ። አሁንማ አልሐምዱሊላህ፣ ባለቤቱ አለች። እንኪ፣ ለራስሽ መልሼልሻለሁ።"

ካፖርቱ ቤት ውስጥ ያለ መስሎኝ ነበር። በር ኋላ ባለው ሚስማር ላይ፣ ሁልጊዜ በሚሰቀልበት፣ ሌሎች ልብሶች ተደራርበውበት ስለነበር ከሥራቸው ያለ መስሎኝ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ሥዕሉ ላይ ልመልሰው ስታገል ሚስማሩን አንድ ቀን ገለጥ አድርጌ አላየሁም።

"መቼ ሸጥሽው?" አልኳት።

"ክረምት ሳይገባ" አለች እናቴ፣ እንደ ቀላል ነገር።

"አልሸጠውም ብለሽኝ አልነበር?"

"ብዬሽ ነበር።" ጋቢዋን ወደ አንገቷ ሳበች። "አንቺ ከሥዕሉ ላይ ስታነሺው ጊዜ አፍረሽበት መሰለኝ። እውነትሽን ነው፣ የኩሊ ልብስ ነው። ልጄ ያፈረችበትን ለብሼ ታዲያ እንዴት ተራ ላይ እቆማለሁ?"

"እማዬ! እኔ አይደለሁም፣ እነሱ ናቸው አልኩሽ እኮ!"

"አልሽኝ" አለች።

ያቺን "አልሽኝ" እስካሁን አልዋጥኳትም። ሐኪሙ ብርድ ነው ያለውም ያን ጊዜ ገባኝ። ጋሼ በእስኪሪብቶ የጎነተለው ወረቀት ላይ ያለ ካፖርት ነው፤ የወለቀው ግን ከእናቴ ትከሻ ላይ ነው፣ ያውም በክረምት መግቢያ። ለማን ልንገረው? ወገቧ አይታይም ያለው ሰው ይህን ቢሰማ ምን ይለኛል? ምንም አይለኝም። በስሟ የማያውቃት አንዲት መንገድ ዳር የምትውል ሴት በረዳት፣ በቃ።

የወሎዋ ሴት ካፖርቱን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠች። "አልፈልገውም። እስክትድኚ ልበሺው፣ በአላህ" አለቻት። እናቴ ቀና ብላ አየችው። እጇ ወደ አዝራሩ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። አልሄደም። አርባ ጊዜ ለገዢ ስትለው የኖረችውን ቃል ነው ያወጣችው።

"የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። አንቺ ደግሞ ይህን ሳታውቂ ቀርተሽ ነው? ይልቅ እያካፋ ነው፣ ልበሺውና ሂጂ።"

ለመነች፣ ለመንን። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በመጨረሻ የወሎዋ ሴት ካፖርቱን ለበሰችው፤ ለእሷም ረዝሟታል። ሴቶቹ እየተሳሳቁ፣ እናቴን እየሳሙ፣ "ሁለተኛ እንዳትሞቺብን" እያሉ ወጡ።

ልሸኛቸው በሩ ላይ ቆምኩ። በራጉኤል አጥር ሥር እየተጠጋጉ በካፊያው ውስጥ ወደ መርካቶ ይወርዳሉ። ከነጫጮቹ ነጠላዎች መሀል አንድ ቡናማ ጀርባ ይሄዳል፣ በዚያው አረማመድ ማለት ይቻላል። እናቴ በሕይወት አለች፣ ከኋላዬ አልጋዋ ላይ ተኝታለች፤ ይህን አውቃለሁ። እግሬ ግን ደረጃውን ወርዶ ጭቃው ውስጥ ገብቷል።

"አንቺ ልጅ፣ በሩን ዝጊው እንጂ፣ ብርድ ገባ" አለችኝ እናቴ ከውስጥ።

ተመልሼ ዘጋሁት።